ሸክላው ላይ ስሙ ያልተጻፈው ከበሮ መቺ

ካርቱም፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ለተጊዮርጊስ፣ አንኮበር፤

የአንኮበር ቁር እንዴት ይዞሻል? የየኔታ ጉልበትስ እንዴት ነው? እኔ የአክስትሽ ልጅ በዚህ በካርቱም ሐሩር እንደ ቆሎ እየታመስኩም ቢሆን ስሙ ይመስገን አለሁ። ያው እዚያው ግሪኩ ሱቅ ውስጥ ነኝ፤ ሬዲዮና ሸክላ እንሸጣለን። ሱዳኖቹ የኛን ዘፈን እንዴት እንደሚወዱት ብነግርሽ አታምኚኝም። ቃሉ አይገባቸውም፤ ትከሻቸው ግን ይገባዋል።

እትዬ፣ የሚቀጥለውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ አዲስ ሸክላ መጣልን። የፍቅር ዘፈን ነው፤ የአንዲት ሴት ከንፈር እንቅልፍ የነሣው ሰው ያለቅሳል። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይሄድና መሐል ላይ ይፈጥናል። ሊፈጥን ሲል ከበሮ መቺው ቆዳውን ትቶ እንጨቱን ሁለቴ ይነካዋል፤ ቋ፣ ቋ። ከዚያ መለከቱም ጊታሩም አብረው ይነሣሉ።

የያዝኩት ሬዲዮ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ታውቂዋለሽ አይደል? የኔታ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ መቺው እጁን ሲያነሣ ማየት ስላልቻሉ፣ ማኅሌቱ ከዝግታው መረግድ ወደ ፈጣኑ ጽፋት ሊሻገር ሲል የከበሮውን እንጨት ሁለቴ አንኳኩልኝ ይሉን ነበር። ከሳቸው ተማሪ በቀር እንዲህ የሚያደርግ የለም። እኔ ሌላ ደብር ሄጄ ባንኳኳ ሊቃውንቱ ስቀውብኛል፤ «ቤት ልትገባ ነው እንዴ የምታንኳኳው?» ብለው።

እትዬ፣ ባልሽ አልሞተም! ዘርአ ዳዊት ነው! ከኛ ከየኔታ ልጆች መሐል ዘፋኝ ጋ ሊሄድ የሚችል ሌላ ማን አለ? በሠርግ ላይ የማኅሌቱን አመታት ለጭፈራ መታህ ብለው የኔታ፣ የገዛ አባቱ፣ ያባረሩት እሱን አይደል? አዲስ አበባ በገባ በወሩ የታኅሣሡ ግርግር ተነሣና ሰዉ ሁሉ በዚያው ቀረ አለ። የኔ ልብ ግን እምቢ ይለኝ ነበር።

ሸክላውን አገላብጬ አየሁት። የዘፋኙ ስም በትልቁ ተጽፏል፤ ከሥሩ «ከኦርኬስትራ ጋር» ይላል፤ ሌላ ምንም የለም። ወደ ደብረ ብርሃን በሚመለስ ሰው እጅ ልኬልሻለሁ፤ በጆሮሽ ስሚው። እስክናጣራ ለየኔታ አትንገሪያቸው፤ ደስታም ይገድላል።

ወንድምሽ ብርሃነ መስቀል


አንኮበር፣ ጥር ፬ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለብርሃነ መስቀል፤

ከወጉ እንዳልጎድል፣ ያሳደገህ ታቦት በሰው አገር አይለይህ፤ እጅህ የያዘውን ይባርክልህ። ምርቃቱ ይኸው። አሁን ልቆጣህ ነው።

ዘገየሽ እንዳትለኝ። ሸክላ ላክህ እንጂ ማጫወቻ አልላክህም። አንኮበር ውስጥ ያለው የአቶ ኪዳነ ማርያም ሱቅ ሬዲዮ ብቻ ነው። የኔታ ከቅዳሴ መልስ «ዜና ልስማ» እያሉ እዚያ ደጃፍ ይቀመጡ ነበር፤ አሁን እሱንም ትተውታል። እናም ለገና ጨው ልግዛ ብዬ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። ማጫወቻ ያላት ደመቀች የምትባል ባለጠጅ ቤት ናት አሉኝ። የመሪጌታ ምራት ጠጅ ቤት! ጉድ በል አንኮበር። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ገባሁ።

«አጫውቺልኝ» አልኳት፤ አጫወተችልኝ። «ድገሚልኝ» አልኳት፤ ደገመችልኝ። አሁንም ድገሚ ስላት፣ «እኅቴ፣ ማነው እንዲህ ያቃጠለሽ?» አለችኝ።

«ባሌ።»

«ሌላ አገባብሽ?»

«ሞተብኝ።»

«የሞተ ሰው በሸክላ አይፈለግም» ብላ ጠጅ ቀዳችልኝ። ጠጣሁት፤ ለማንም እንዳታወራ።

ልክ ነህ። ያ ማንኳኳት የየኔታ ነው።

አሁን ስማኝ። አንተ በደስታ ጻፍክልኝ። እኔ ግን ይኸው ዘጠኝ ዓመት ከሞቱት በላይ ካሉት በታች ሆኜ ነው የኖርኩት። ባለትዳር እንዳልባል ባል የለኝ፤ መበለት እንዳልባል ልቅሶ አልተቀመጥኩ። ዕርሙን እናውጣ ሲባል እምቢ ይሉ የነበሩት የኔታ ናቸው። «ልጄ አልሞተም» ይላሉ፤ ከየት እንዳወቁ አይናገሩም። አምና ግን ራሳቸው ጠርተውኝ፣ «በቃ ልጄ፣ ዕርማችንን እናውጣ» አሉኝ። ለዚህ ለግንቦት ቀን ተቆርጧል።

ያልነገርኩህም አለ። ወርቅአገኘሁ የሚባል የጣርማ በር በግ ነጋዴ ሽማግሌ ልኮብኛል። ሚስቱ የሞተችበት፣ ረጋ ያለ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው። ዕርሙ ይውጣና ብዬዋለሁ። እወደዋለሁ፤ ይኸው ጻፍኩት። ታዲያ የሰው ሚስት ሆኜ ሌላ ላገባ ነው? ዘርአ ሞቶ ከሆነ አለቅስለታለሁ። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለከንፈር ዘፈን ከበሮ ሲመታ ከርሞ ከሆነ ግን እኔው እገድለዋለሁ።

ይህን ጣጣ ያመጣኸው አንተ ነህ፤ አንተው ጨርሰው። ማን እንደመታው አጣራልኝ። ደግሞስ ይሄ ምን የሚሉት ሥራ ነው? ሠርግ ቤት ወጥ የሠራችው እንኳ ስሟ ተጠርቶ ትመሰገናለች። ያ ሁሉ ሰው ሲነፋና ሲመታ ውሎ ስም ያለው አንዱ ብቻ ነው?

እኅትህ ለተጊዮርጊስ


ካርቱም፣ የካቲት ፲፱ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለእትዬ ለተጊዮርጊስ፤

ቁጣሽ ከነምርቃቱ ደረሰኝ፤ ሁለቱም ይገቡኛል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉ የለ? እነሆ እየለቀምኩ ነው።

ሸክላውን የላከልንን የአዲስ አበባ ነጋዴ በደብዳቤ ጠየቅኩት። «መቺዎቹ ዛሬ ከዚህ ነገ ከዚያ የሚሠሩ ናቸው፤ ሠርተው ይሄዳሉ፤ ስማቸውን አንይዝም» አለኝ። ደግሞም «ምን ያደርግልሃል? ሰው የሚገዛው ዘፋኙን ነው» ብሎ ጨመረበት። ተናደድኩ። ስለዚህ ነገሩን በጆሮዬ ያዝኩት።

ሱቁ ውስጥ ያሉትን የአገራችንን ሸክላዎች አንድ ባንድ ሰማኋቸው። አንዱ ሳክስፎን ነፊ ትንፋሹን ሲስብ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ይላል። ጊታር መቺው ቀጭኗን ጅማት ሁልጊዜ ላላ ያደርጋታል። ዘፋኞቹ ይለያያሉ፤ ከኋላ ያሉት ግን እነዚያው ሲጥ ባዩና ጅማት አላልቶው ናቸው። ቋቋውም እነሱ ባሉበት ሁሉ አለ። ግሪኩ አብደሃል ወይ ይለኛል። ደንበኞቻችን ዘፋኙን ሲሰሙ እኔ ከዘፋኙ ጀርባ የቆመውን ሰው ስፈልግ እውላለሁ።

ከአንዱ ሸክላ ልባስ ላይ ፎቶግራፍ አገኘሁ። ዘፋኙ ከፊት ነው፤ ከበሮ መቺው በትከሻው ተሸፍኖ እጁ ብቻ ይታያል። ከጀርባቸው ያለው ግድግዳ ላይ ግን የጭፈራ ቤቱ ስም ግማሹ ይነበባል። የነጋዴውን ተላላኪ ጠይቄ ቤቱ ውቤ በረሃ መሆኑን አወቅኩ። ቀን ቀን እዚያ ይለማመዳሉ። የቤቱን ምልክት በሌላ ወረቀት ጽፌልሻለሁ። ለመኪና የምትሆን ትንሽ ነገርም ከውስጡ አለች።

ስለ ወርቅአገኘሁ የጻፍሽውን አነበብኩት። እኔና ዘርአ ባንድ ምንጣፍ ተኝተን፣ ባንድ ቁራሽ አድረን ያደግን ነን። ብዙ ልልሽ ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት። ሄደሽ እይው፤ ከዚያ የልብሽን አድርጊ።

ብርሃነ መስቀል


አንኮበር፣ ሚያዝያ ፳፭ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ወንድሜ ብርሃነ መስቀል፤

ምርቃቱን ዛሬ ለራስህ መርቅ፤ እኔ አቅም የለኝም።

ሄድኩ። ለየኔታ የታመመች ዘመድ ልጠይቅ ነው አልኳቸው። «እግዜር ያገናኝሽ» አሉኝ። ቤቱን በምልክትህ አገኘሁት። ደጃፉ ላይ ቆሜ ከውስጥ ሲለማመዱ እሰማለሁ። ዘርአን ሳየው ምን እንደምለው መንገዱን ሙሉ ሳሰናዳ ነው የመጣሁት። ስድቡንም፣ እንባውንም፣ «ከሳህ» የምትለዋንም ሳይቀር አሰናድቻለሁ። ቋ፣ ቋ አለ።

ገባሁ። ከበሮው ኋላ የተቀመጠው ጢሙ ገና ያልጠና፣ ጠጉሩን ያጎፈረ የአዲስ አበባ ልጅ ነው።

ስሙ ይርጋለም ይባላል። ያቺን ሁለት ምት ማን አስተማረህ አልኩት። ደነገጠና እስቲ ይቀመጡ ብሎ ነገሩን አስረዳኝ። ዘፈን ሲቀዳ ሁሉም አንድ ማይክሮፎን ፊት ነው የሚቆሙት። ከበሮ ስለሚጮህ እሱን ከሁሉ ኋላ ግድግዳ ሥር ያስቀምጡታል። ነፊዎቹ ጀርባቸውን ስለሚሰጡት አያዩትም። ዘፈኑ ሊፈጥን ሲል እንጨቱን ሁለቴ ይነካላቸዋል። «ጋሼ ዘርአ ነው ያስተማረኝ። ከኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ እሱ ነበር። ሸክላ ሳይመጣ በሬዲዮ የሚተላለፈውን ሁሉ የመታው እሱ ነው» አለኝ።

«የት ነው ያለው?»

ተነሥቶ ቆመ። ሲቆም ገባኝ።

ለፋሲካ ሦስት ዓመት ሆነው። ሳል ጀምሮት ነበር፤ እየከሳ ሄደና አረፈ። እነዚህ ሲጥ ባይና ጅማት አላልቶ ያልካቸው ሰዎች አዋጥተው ገነዙት፤ ተሸክመው ቀበሩት። ዘመድ እንጥራ ቢሉ አገሩን አያውቁም። «ከወዴት ነህ ስንለው ‹ከብርድ አገር› ብሎ ይስቃል» አሉኝ። ሳክስፎን ነፊው ሽማግሌ ነው፤ አብሮኝ አለቀሰ።

ይርጋለምን፣ ስለ ሚስቱ ያወራ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ኧረ ሁልጊዜ!» አለኝ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ውሸቱን ነው። አገሩን የደበቀ ሰው ሚስቱን አያወራም። ልጁን ግን ለውሸቱ ወደድኩት።

ብርሃነ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በሕይወት ነበር! የአንድ ቀን መንገድ ላይ! አንዲት መስመር ጽፎ ሰው እጅ ቢሰጥ ምን ነበረበት? አባቱ አባረረው፤ እኔ ምን አደረግኩት? እያለቀስኩ ሰደብኩት፤ እየሰደብኩ አለቀስኩ። መቃብሩ ላይ የነበረችው የእንጨት መስቀል ወድቃለች፤ ስምም የላትም። ድንጋይ ጠራቢ ፈልጌ ስሙን ከነአባቱ አስጻፍኩለት። «ከሥሩስ ምን ልበል?» አለኝ። «ከበሮ መቺ በል» አልኩት። ለማኅሌቱም ለዘፈኑም እሱው ይሁንለት።

ለየኔታ ገና አልነገርኳቸውም። መርዶ እንደ ወጉ በሽማግሌ ነው የሚነገር፤ ለግንቦቱ ዕርም ይደርሳል።

ለተጊዮርጊስ


ካርቱም፣ ግንቦት ፳፮ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

እትዬ፤ እግዚአብሔር ያጥናሽ። ነፍሱን ይማርልን።

ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ግሪኩ መዝጊያውን ገርበብ አደረገልኝ። እዚህ ያሉትን ያገራችንን ልጆች ጠርቼ ልቅሶ ተቀምጠናል። ሱዳን ጎረቤቶቻችን እንኳ «አላህ ይርሐሙ»፣ በኛ ነፍስ ይማር፣ እያሉ መጥተው ከኛ ጋር ምንጣፍ ላይ ዋሉ። ሟቹ ማን ነበር ሲሉኝ፣ እናንተ በሬዲዮ የጨፈራችሁበት ሁሉ የሱ እጅ ነው አልኳቸው። ማንም አላመነኝም።

ይቅርታ አድርጊልኝ። እጁን አውቀዋለሁ ብዬ ማልኩልሽ፤ እጁ ግን የሌላ ሰው ኖሯል።

አንድ ነገር ለምንሻለሁ። ለየኔታ አትንገሪያቸው። ዕርሙ ገና ካልወጣ፣ በታኅሣሡ ግርግር እንደሞተ ሆኖ ይውጣ። ልጃቸው ያን ያህል ዘመን ኖሮ፣ ሳይታረቁት ሞተ ብሎ መስማት ለሽማግሌ ከባድ ነው።

ብርሃነ መስቀል


ጣርማ በር፣ ሐምሌ ፳ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለብርሃነ መስቀል፤

ሳታጣ ሳትነጣ ኑር፤ የቆምክበትን ደጅ ያስፋልህ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ዕርሙ ከወጣ በኋላ ነው። ቢቀድምም አልሰማህም ነበር፤ በውሸት ቀን የሰው ዕርም አይወጣም።

ሽማግሌዎቹ በማለዳ መጡ። የኔታ ድምፃቸውን ሲሰሙ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። ታላቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ ሳይጨርስ፣ «አውቃለሁ፤ ሦስት ዓመት ሆኖታል» አሉ። ማንም አልነገራቸውም! ዕርሙ ወጣ፤ ተለቀሰ። ለቀስተኛው ሲበተን ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

ወንድሜ፣ እንዲህ ነው ነገሩ። አቶ ኪዳነ ማርያም ሬዲዮውን እንደገዛ ሰሞን፣ የኔታ በደጁ ሲያልፉ ያቺን ሁለት ምት ሰሟት። አንተ እንደደነገጥከው ደነገጡ። ግን እሳቸው የሰሙት ሌላ ነው። ዘርአ ልጅ ሆኖ የቀኝ እጁ አውራ ጣት ተሰብሮ ነበርና ሁለተኛዋ ምት ትንሽ ትዘገይበታለች። አንተ የምታውቀው የየኔታን ተማሪዎች ሁሉ ምልክት ነው፤ እሳቸው ግን የልጃቸውን ጣት ያውቃሉ። ዜና ልስማ እያሉ የሚቀመጡት እሱን ሊሰሙ ኖሯል። ከቅዳሴ መልስ! ለዘፈን! ከዚያ አንድ ቀን ምቷ ሳትዘገይ መጣች። ታሞ ይሆናል ብለው ጠበቁ። ደግማም ሳትዘገይ መጣች። ጠብቀው ጠብቀው ሬዲዮውን ተዉት፤ አምና ደግሞ ዕርሙን እናውጣ አሉኝ።

«በሕይወት መኖሩን አውቀው ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ብነግርሽ ትሄጂ ነበር።»

«አዎ እሄድ ነበር! ይዤውም እመጣ ነበር!»

«ባይመጣስ? አንቺም እዚያው ትቀሪ ነበር። እኔን ማን ይመራኝ?»

ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለም፤ ሌላም አልፈጠሩም። ብርሃነ፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የእውር ሽማግሌን ሞት ተመኘሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሲያስል ማን ውሃ አቀበለው? እኔ እኮ ነበርኩ የማቀብለው። ስንት ዓመት እጃቸውን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሳደርስ፣ እሳቸው ባሌን በጆሯቸው ይዘውት ይሄዱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እህላቸውን አቀርባለሁ፤ እግራቸውን አጥባለሁ፤ ቃል ግን አልተነፍስም። አንድ ማለዳ ደጃፉ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙልኝ። አገር ሙሉ «ይፍቱኝ» እያለ ጉልበት የሚስማቸው ሰውዬ፣ ለኔ ለሴቲቱ ጎንበስ ብለው «ፍቺኝ ልጄ» አሉኝ። አልፌያቸው ወጣሁ።

ወርቅአገኘሁ አርባው ካለፈ፣ የሰኔ ጾምም ከተፈታ በኋላ መጣ። ድግስ የለም፤ በሽማግሌ ፊት ተጨዋውተን አለቀ። ስለ የኔታ ነገርኩት፤ ያደረጉትንም ጭምር። «እዚህ ብቻቸውን ትተናቸው ብንሄድ አንቺ እንቅልፍ አትተኚም፤ እኔም አንቺን ሳይ አልተኛም። የጣርማ በር ብርድ ከቻሉት ይምጡ፤ አጎዛ አናጣም» አለኝ። አፉን ሳይሸፍን ሳቀ።

ከትናንት በስቲያ ዝናቡ ጋብ ሲል ከአንኮበር ተነሣን። የኔታን ደግፌ በቅሎዋ ላይ አወጣኋቸው። ጋቢያቸውን እግራቸው ላይ ሳስተካክል ፊታቸው ከፊቴ አጠገብ ነበር፤ አርጅተዋል። «እግዚአብሔር ይፍታዎ» አልኳቸው፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝ። እሳቸው ሰምተዋል፤ የማይሰሙት ነገር የለም። ምንም እንዳልሰማ ሰው አንገታቸውን አቀኑና፣ «መንገዱ ያዳልጣል፤ ልጓሙን ያዥልኝ» አሉኝ። ያዝኩላቸው።

እኅትህ ለተጊዮርጊስ